የሚበልጠው ወረቀት

ነገሩን የሰማው በር ላይ ቆሞ ነው። ገብረሰንበት ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የፍርድ ቤት ተላላኪ ነበር። እስከ አገጩ የሚደርስ መዝገብ ታቅፎ፣ እንዳያንኳኳ እጅ አጥቶ፣ እንዳይመለስ ታዞ፣ ገርበብ ባለ በር ፊት ቆሟል። ውስጥ ሁለት ዳኞች ይከራከራሉ። የማን ጉዳይ እንደ ነበር ዛሬ ጠፍቶበታል። የአንደኛው ድምፅ ወፍራም እንደ ነበር ግን ያስታውሳል፤ ሌላኛው ሲናገር ያስል ነበር።

«ሕገ መንግሥቱማ ይላል» አለ ወፍራሙ። «ከዚህ ጋር የማይስማማ ሕግም፣ ትእዛዝም፣ ፍርድም ዋጋ የለውም ይላል። ይበል! ዋጋ የለህም ብሎ የሚነግረው ማነው? እሱን አልጻፈውም።»

«መጻፍ ነበረበት እንዴ?» አለ የሚያስለው። «ሁለት ወረቀት ፊትህ ይቀመጣል። አንዱ ስጥ ይልሃል፣ አንዱ ከልክል። በሁለቱም መፍረድ አትችልም። ታዲያ የቱ እንደሚበልጥ ሳትናገር እንዴት አድርገህ ትፈርዳለህ?»

ከዚያ ወፍራሙ አንድ ነገር መለሰ። ምን እንደ ነበር ገብረሰንበት ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሊያስታውሰው ሞክሮ አልሆነለትም። «ጃንሆይስ?» ያለ ይመስለዋል። ምናልባትም «ደመወዝህስ?» ብሎ ይሆናል፤ ሁለቱም ስቀዋልና። ያን ጊዜ ከላይ የነበረው መዝገብ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንዱ ዳኛ ብድግ ብሎ በሩን ዘጋው። ገብረሰንበት ያችን ጥያቄ ይዞ ውጭ ቀረ።

ሰውየው ትምህርት ቤት የገባው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን ያገኘው ከጆሮውና ከቆዩ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጠሎች ነው። ጠዋት ጠዋት ዳዊቱን ይደግማል፤ ማታ ማታ ከእነዚያ ቅጠሎች አንዱን ይዞ፣ ያልገባውን ቃል በእርሳስ አስምሮ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪያገኝ ይጠብቃል። አንዳንዱን ቃል ዓመት ጠብቆለታል።

አሁን ሰኔ ሰባ ስምንት ነው። ንጉሡ የሉም፤ ያ ሕገ መንግሥትም የለም። ገብረሰንበት ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ደግሞ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ሆኖ ይቀመጣል። የመረጡት ነዋሪዎቹ ናቸው። ለምን መረጣችሁት ቢባሉ «ሳትጨርስ አያቋርጥህም» ይላሉ፤ ሌላ ምክንያት የላቸውም።

ሸንጎው የሚቀመጥበት አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የቦሌ አውሮፕላን ሁሉ በእሱ ላይ ያለፈ ይመስላል። አንዱ ሲነሳ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ስለዚህ የሸንጎው ልማድ አንድ ነው፤ አውሮፕላን ሲመጣ ተናጋሪው አፉን ይዘጋል፣ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ድምፁ ሲርቅ ገብረሰንበት «ቀጥሉ» ይላል። እንዲህ በዝምታ መካከል ስንት ስድብ ሳይወጣ ቀርቷል፤ ስንቱስ ባልና ሚስት «ተወው በቃ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ገብረሰንበት ለእግዚአብሔር ምስጋና ሲያደርስ ለአውሮፕላኑም አንድ ቃል ጣል ያደርጋል።

በዚያ ሰኔ እሁድ እሁድ ጠዋት የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ውይይት ነበር። ገብረሰንበት ጎህ ሳይቀድ ቅዳሴ ያደርስና ነጠላውን አጥፎ በብብቱ ይዞ አዳራሹ ይገባል። በሩ ላይ ረቂቁ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ደግሞ የቀበሌው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ያወጣው ማስታወቂያ አለ፤ ወረቀት ጠፍቶ ስለነበር ጸሐፊዋ ሁለት ጉዳይ ባንድ ገጽ በታይፕ መትታዋለች። ከላይ ስለ ውይይቱ ክብር ይናገራል። ከታች እንዲህ ይላል፦ «በውይይቱ ላይ ሦስት ጊዜ ያልተገኘ ነዋሪ የኅብረት ሱቅ ካርዱ ይታገዳል።» ካርድ የሌለው ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርም፣ ዘይትም፣ ሳሙናም፣ ዱቄትም አያገኝም።

በአራተኛው እሁድ እማማ ወለተማርያም እጃቸውን አወጡ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ይጠጋል፤ የሚፈሩት ሰው የለም።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ በትራቸውን ተደግፈው። «የልጅ ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ሁሉም አንቀጽ ደግ ደግ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ። ያ መጨረሻ ላይ ያለው የስኳሩ አንቀጽ ግን ይሻሻል! ሕገ መንግሥትን የሚያህል ነገር ስኳር ውስጥ ምን አገባው?»

ከቀበሌዎቹ በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣው ካድሬ ረቂቁን ማገላበጥ ጀመረ። «ስንተኛው አንቀጽ ነው እናቴ?»

«የመጨረሻው ነዋ! ማኅተም ያለበት።»

ካድሬው የመጨረሻውን ገጽ አየ፣ ገለበጠ፣ ተመልሶ አየ። ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ… እሱ የኛ ነው ጓድ። የቀበሌ ውሳኔ ነው። አንድ ላይ ስለተለጠፈ ነው።»

«እንዴ!» አሉ እማማ ወለተማርያም። «ታዲያ የናንተ ከሆነ የመንግሥት ጎን ምን ሰቀለው?»

ሳቁ ሲበርድ ገብረሰንበት ተነሣ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ሲጸድቅ ከሕግ ሁሉ በላይ ነው ተብሏል፤ መልካም። ነገ አንድ ደንብ ወይም አንድ መመሪያ ከዚህ ጋር ቢጣላና ባለጉዳይ ዳኛ ፊት ቢቆም፣ ዳኛው የቱን ይዞ ይፈርዳል? ረቂቁ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎሙን ሥልጣን ለመንግሥት ምክር ቤት ይሰጣል። ለዳኛው ምን ተረፈው?»

ካድሬው ቀና ብሎ አየው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም እንጂ። «ጥያቄው ይመዘገባል» አለና መዘገበ። ገብረሰንበት ተቀመጠ። በተመዘገበ ነገር ተስፋ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው መዝገብ ውስጥ ነው።

ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ሲቲ ነበረች። ከወሎ የመጣች ናት፤ ባሏ ሞቶባት በደጃፏ በርበሬና ቅመም እየሸጠች ሁለት ሴት ልጆችና አንዲት አሮጊት እናት ታስተዳድራለች። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሦስቱ ዳኞች ፊት ቆመች።

«በሕገ መንግሥቱ ስኳሬን ተቀማሁ» አለች።

«ሕገ መንግሥቱ ገና አልጸደቀም እቴ» አላት ገብረሰንበት።

«ሳይጸድቅ ነዋ የነጠቀኝ! ሲጸድቅማ ምን ሊያደርገኝ ነው?»

ከቀኙ የተቀመጠችው ፈለቀች አፏን በእጇ ሸፈነች። የልብስ ስፌት አስተማሪ ናት፤ ሳቅ ማፈን አትችልም። ከግራ ያለው አብዱልገኒ አልሳቀም። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በላምበረት ወጥቶ ደሴና ወልድያ ሲመላለስ ያረጀ፣ ነገርን ከሩቅ የሚያይ ሰው።

«ለምን ነው ሦስቱንም እሁድ የቀረሽው?» አላት አብዱልገኒ።

«እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካለ ሁለተኛ ወሯ ነው ጋሼ። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹ ቁርኣን ይሄዳሉ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሳጨበጭብ እናቴን ማን ያገላብጣት? ይህንኑ ብዬ ለሱቁ ነገርኩት። ሱቁ ለኮሚቴው ንገሪ አለኝ። ኮሚቴው መመሪያ ነው አለኝ። አሁን ለትንሿ ልጄ ልብስ ማጠቢያ እንኳ ሳሙና የለኝም።»

«እና ማንን ነው የምትከሺው?» አላት ገብረሰንበት።

«ወረቀቱን።»

«ወረቀት አይከሰስም።»

«እንግዲያው የለጠፈውን!»

አውሮፕላን መጣ። ሁሉም ጣሪያውን አየ። ሲቲም አየች፤ እያየችም ሻሿን እንደገና አጠበቀች። ድምፁ ሲርቅ ገብረሰንበት «ቀጥሉ» አላለም። «እስኪ ትንሽ ውጭ ቆይልን» አላት።

በሩ ሲዘጋ አብዱልገኒ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ስማ ገብረሰንበት፤ ሃያ ዓመት የነዳሁት ፍሬን እየያዝኩ ነው። ይህ ገደል ነው። እኛ ሰው ከሰው ሲጣላ እንፈርዳለን፤ የአጥር ነገር፣ የስድብ ነገር። ኮሚቴው ባወጣው ላይ ምን ቤት ነን?»

«እኔ ከድርሻዬ ስኳር እሰጣታለሁ» አለች ፈለቀች። «ሳሙናም እጨምርላታለሁ። ነገሩ በዚሁ ይለቅ።»

«ብትሰጫት ስኳር አገኘች» አለ ገብረሰንበት። «ካርዷ ግን እዚያው ታግዷል። በሚመጣው እሁድ ደግሞ የሌላዋ ይታገዳል። ለስንቱ ትደርሺያለሽ?» ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ይህን ታውቂዋለሽ?»

ፈለቀች ጎንበስ ብላ አየችው። «የኅብረት ሱቁ መተዳደሪያ ደንብ! በሰባ አንድ ነው ያጸደቅነው። ነዋሪው ሁሉ፣ ጠቅላላ ጉባኤው። እጄን ያወጣሁት ትዝ ይለኛል፤ እርጉዝ ነበርኩ፣ እጄን አውጥቼ ሳወርድ አዞረኝ።»

«አሥራ ሁለተኛውን አንብቢው።»

አነበበች። «የአባል ድርሻ የሚታገደው ጥፋቱ በፍርድ ሸንጎ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ይህን ደንብ የሚለውጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው።»

አብዱልገኒ ወንበሩን መልሶ ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«እንግዲህ ሁለት ወረቀት አለን» አለ ገብረሰንበት ቀስ ብሎ። ያ የሚያስለው ዳኛ አብሮት የተቀመጠ መሰለው። «አንዱ ጉባኤው ያወጣው ነው፣ ያለ ፍርድ አትከልክል ይላል። አንዱ ኮሚቴው የለጠፈው ነው፣ ያለ ፍርድ ከልክል ይላል። ኮሚቴውን የመረጠው ማነው? ጉባኤው። እኛንስ? ጉባኤው። ሴትዮዋ ደግሞ ፊታችን ቆማለች። ዝም ብንልም እኮ ፈረድን ማለት ነው፤ ትንሹን ወረቀት አበለጥን ማለት ነው።»

«አማርኛህ ያምራል» አለ አብዱልገኒ። «ጓድ አያሌውስ? የከፍተኛው ሰዎችስ? ሸንጎው በኮሚቴው ላይ ተነሣ ቢባል?»

«በሰው ላይ አንነሣም። መጥሪያ ሰጥተን እንሰማዋለን። ምክንያቱ ከኛ ቢበልጥ ይረታል፤ ከፈረድንበትም በላያችን የከፍተኛው ሸንጎ አለ፣ ይግባኝ ይላል። እኔ ብቻዬን አልፈርምም አብዱልገኒ። ሦስታችን ካልሆንን መጥሪያው አይወጣም። ፍርሃትህን አልንቀውም፤ እኔም አለብኝ።»

አብዱልገኒ ጢሙን አሻሸ። ወደ በሩ አየ። በስንጥቁ የሲቲ ቀሚስ ይታያል፤ ቆማ ነው የምትጠብቀው።

«ኮምቦልቻ አፋፍ ላይ አንድ ኬላ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ሁለት መቶ ብር ቀጣኝ፤ የሰው አጥር ጥሼ ነው፣ ከፈልኩ፣ ረሳሁት። ያ ኬላ ጠባቂ ግን ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ምን፣ አንዲት ዘለላ ሙዝ ከጋቢናዬ አንሥቶ በላብኝ። አላህን፣ ዛሬም ስተኛ ያቃጥለኛል።»

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» አለች ፈለቀች።

«የኔዋ ሙዝ ናት እንጂ ነገሩስ እሱ ነው።» እስክሪብቶውን ከገብረሰንበት እጅ ወሰደ። «የት ጋ ነው የሚፈረመው?»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገብረሰንበት መጥሪያውን ራሱ ይዞ ሄደ። በሌላ ሰው መላክ ይችል ነበር፤ ግን መጥሪያ የተቀበለ ሰው የመጀመሪያውን ቁጣ በላኪው ላይ እንዲያወጣ መፍቀድ ጨዋነት መሰለው። መንገድ ላይ «አንደበቴን ጠብቅልኝ» ብሎ ጸለየ፤ ሌላ አልጨመረም። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ጫማ ይነቅላል።

ጓድ አያሌው ሊቀ መንበር ከመሆኑ በፊት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ዛሬም ከካኪ ኮቱ የደረት ኪስ፣ ከእስክሪብቶው ጎን ትንሽ የብሎን መፍቻ አትጠፋም። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ አለ። ገብረሰንበትን ሲያይ ብድግ አለ።

«ጋሽ ገብረሰንበት! ኑ፣ ይቀመጡ። የእሁዱ ጥያቄዎ እኮ ከፍተኛው ድረስ ደረሰ። ማነው ሰውየው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ጠበል የሚጠጣ ሽማግሌ ነው፣ ክፋት የለውም አልኳቸው።» ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ፤ ሳቁ እየደረቀ ሄደ። «መልስ ሰጪ፣ አቶ አያሌው… እኔን? በገዛ አዳራሼ?»

«አዳራሹ የነዋሪው ነው ልጄ።»

«ጋሼ፣ ይህን ነገር ያውቁታል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በሩንም አየ። «እኔ ሰው ማስራብ ደስ ብሎኝ ነው? በየሳምንቱ ስንት ሰው ተገኘ ብለው ይጠይቁኛል። ከጎረቤት ቀበሌ አንሰሃል ይሉኛል። ምን ላድርግ? በስኳር ሳስፈራራ አዳራሹ ሞላ!»

«ሞላ። እናቷን ጥላ መምጣት ያልቻለችው ሴት ግን ሳሙና አጣች። ይህን ምክንያትህን ሰኞ መጥተህ ተናገር። አንሰማህም አላልንም።»

«ነገ ጠዋት ስብሰባ ጠርቼ ሌላ ሰብሳቢ ላስመርጥ እችላለሁ፤ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ከመረጡ እወርዳለሁ። እስከዚያ ግን መጥሪያው መጥሪያ ነው።»

አያሌው የብሎን መፍቻውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ማሽከርከር ጀመረ። አውሮፕላን መጣ፤ ሁለቱም በልማድ ዝም አሉ። ድምፁ ጠፍቶም ዝም እንዳሉ ቆዩ። ገብረሰንበት አልቸኮለም። በሕይወቱ የተማረው ትልቁ ነገር ሰው ዝም ሲል አለማቋረጥ ነው።

«ተኽላይን ያስታውሱታል?» አለ አያሌው በመጨረሻ። «ከኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረውን።»

«እንዴት አላስታውሰውም።»

«ባንድ መስመር ደብዳቤ ነው ያወረዱት። ምክንያት የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ቤቴ መጣ፤ ሦስት ጊዜ። ምን አጠፋሁ፣ የት ልጠይቅ አለኝ። እኔ ምን አልኩት? መመሪያ ነው አልኩት።» መፍቻው ቆመ። «ልጁ ከልጄ ጋር ነው የሚማረው። እስካሁን ቀና ብዬ አላየውም።»

«የሚጠይቅበት ቤት አልነበረውማ» አለ ገብረሰንበት። «አንተም ነገ ደብዳቤ ቢመጣብህ የምትጠይቅበት የለህም። ሸንጎው ዛሬ ባንተ ወረቀት ላይ አፍ ከሌለው፣ ነገ ባንተ ላይ በሚጻፈው ወረቀትም አፍ አይኖረውም። እኔ ያችን ሴት ብቻ አይደለም የማስበው አያሌው። በቀበሌ ሱቅ ደንብ ካልጀመርነው በትልቁ ሕግ ማን ያደርገዋል?»

«በትልቁስ የሚያደርገው ይመስልዎታል?»

«አላውቅም። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የሰማሁት ክርክር ገና አላለቀም። እኔ ባላየው ልጆችህ ያዩታል። ልማድ ግን ባንድ ቀን አይበቅልም፤ አንድ ሰው ባንድ ሰኞ ይጀምረዋል።»

አያሌው መጥሪያውን እንደገና አነበበው፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ ጣቱን ከየቃሉ ሥር እያስኬደ። «ከፈረዳችሁብኝ ማስታወቂያው ይነሳል ማለት ነው?»

«ካርዷ ይመለሳል፤ ያ አንቀጽም አይሠራም። ስለ ውይይቱ የሚናገረው ይቆያል። የቀረ ሰው ካርዱ ይታገድ የምትል ከሆነ ጉባኤውን ጠይቅ፤ ጉባኤው ከፈቀደ ደንቡን ይለውጥ።»

«ከፍተኛው ቢጠይቀኝስ?»

«መጥሪያ ደርሶኝ ሄድኩ በላቸው። ውሸት አይደለም፤ ቅጂው አለህ።»

ሰውየው ሳቀ፤ የመጀመሪያው ሳቅ አልነበረም፣ ከሆዱ የወጣ ነበር። «እርስዎ ሰው! ክፋት የለውም ብዬ መመስከሬ።» እስክሪብቶውን አንሥቶ «ደርሶኛል» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ቅጂውን አጥፎ ኪሱ ከተተና እስከ በሩ ሸኘው።

«ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ» አለ። «የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤም ይዤ እመጣለሁ፤ እንዴት እንደ ወሰንን ያንብቡት። አንድ ነገር ብቻ፣ ጋሼ። ከፊት ወንበር እንዳያስቀምጡልኝ። ሲቲ ከቆመች እኔም ቆሜ ነው የምመልሰው።»